ሳይጠሩ የሚሄዱበት ቤት

ኖቬምበር 4

ዛሬ ሊመረምሩኝ ሦስት ሰዎች ቤቴ መጡ፤ አንድ ሐኪም፣ ሁለት የቢሮ ሴቶች። ከመምጣታቸው በፊት ሳስብ የነበረው ለረዳት መቅጠሪያ ስለሚሰጠኝ አበል ሳይሆን ስለ ጫማቸው ነበር። የመንግሥት ሰው ለሥራ ወደ ሰው ቤት ሲገባ ጫማውን ያወልቃል ወይስ አያወልቅም? ሐኪሙ አወለቀ። ካልሲው አውራ ጣቱ ላይ ተቀዷል፤ እግሩን ወንበር ሥር ሲደብቅ አየሁትና ወደድኩት። ሴቶቹ ከነጫማቸው ገቡ።

ረዳቴ ዶብሪላ ከማለዳ ጀምራ ስትወለውል ነበር። አጠበችኝ፣ ፀጉሬን ሠራችኝ፣ ሰማያዊውን ሹራብ አለበሰችኝ፣ ከንፈሬን ቀባችኝ። ሴቶቹ "እሷ ውጭ ትቆይ" ስላሏት ደረጃው ላይ ወጥታ ተቀመጠች። መቼም እንግዳ ከቤቴ ባዶ አፉን አይወጣም። ትሪውን ጭኔ ላይ አድርጌ፣ የተሽከርካሪ ወንበሬን ጎማ እየገፋሁ፣ ለእያንዳንዳቸው አንድ አንድ ማንኪያ የፕሪም ማርማላታ ከብርጭቆ ውሃ ጋር አቀረብኩ። ከጓዳው ደጃፍ እስከ ሶፋው ቅርብ ነው፤ ዛሬ ግን አገር አቋራጭ ሆነብኝ።

ሐኪሙ ማንኪያውን እየላሰ "ማነው የሠራው?" አለ።

"እኔ ነኛ!"

ያማሰለችው ዶብሪላ ናት። ግን ስኳሩን ያስለካሁት፣ "በቃ አውጪው" ያልኳት እኔ ነኝ። አንደኛዋ ሴት የሆነ ነገር ጻፈች። ምን እንደጻፈች ለማየት አንገቴን ባሰግግም አልደረስኩበትም።

እጄ ትንሽ ደክሟል። ብርዱ ነው።

ኖቬምበር 7

ብዕሩ አስቸገረኝ። ዶብሪላ ሌላ ትግዛልኝ።

ኖቬምበር 15

ውሳኔው መጣ። "የጓዳ ሥራ በራሷ ትሠራለች፤ እንግዳ ታስተናግዳለች፤ የሌላ ሰው እርዳታ አያስፈልጋትም" ይላል። የከተማው ምክር ቤት ረዳት የማያስፈልገውን ሰው አበል የሚያነሳውን አዲሱን ደንብ ከዘመን መለወጫ በፊት ካጸደቀው አበሌ ይቋረጣል። ደንቡን ያረቀቀው የማኅበራዊ ጉዳይ ኃላፊው ሬልያ ፑሪች ነው። ድምፁን በሬዲዮ ሰምቻለሁ፤ ጉንፋን የያዘው ሰው ድምፅ አለው።

የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት እኔ ነኝ። ያለ አበሉ ለዶብሪላ መክፈል አልችልም። ያለ ዶብሪላ ከአልጋ አልወርድም። ከአልጋ ካልወረድኩ መጨረሻዬ ኮረብታው ላይ ያለው መጦሪያ ነው። አንድ ጊዜ ሰው ልጠይቅ ሄጄ አይቼዋለሁ። ንጹሕ ነው፤ ሾርባውም አይከፋም። ግን ማንም ማንንም ምንም አይጠይቅም። ሴቶቹ ጎን ለጎን ተቀምጠው ግድግዳ ያያሉ። እኔ እዚያ አንድ ክረምት አልከርምም።

ለማርማላታ ምስጋና ብዬ እኔ ነኝ አልኩ! ሞኝ!

ኖቬምበር 16

ዶብሪላ ጓዳ ገብታ፣ በር ዘግታ ከእህቷ ጋር በስልክ አወራች። እህቷ ኦስትሪያ ውስጥ ግራዝ ናት፤ አሮጊት ትጦራለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስልክ ማዞሪያ ላይ የሠራሁ ሰው ነኝና በር አያግደኝም። "ክፍሉ ለብቻ ነው? መስኮት አለው?" ስትል ሰማኋት።

ስትወጣ ዳቦው ትኩስ እንደሆነ ጠየቅኋት። ትኩስ ነበር። ቆራርሳ ሰጠችኝ፤ መቁረስ ትወዳለች።

ኖቬምበር 20

ቪቶሚር ቤት ተሰበሰብን። ቪቶሚር ዓይነ ስውር ነው፤ ማዞሪያው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን ነው ያረጀነው። አሁን የሁላችንም አለቃ ሆኗል፤ ማንም አልመረጠውም፣ ድምፁ ወፍራም ስለሆነ ነው። ያጎዳ ልጇን ሚናን ይዛ መጣች። ሚና ሠላሳ ዓመት ሞልቷታል፤ አትናገርም፣ ብቻዋን አትበላም፣ ሰው ሲስቅ ግን ከሁሉ ቀድማ ትስቃለች። ስርባም ነበር፤ አንድ እግሩን የከሰል ማዕድን ውስጥ የተወ ነው። የሁላችንንም አበል ሊያነሱት ነው።

ሁሉም ሲራገም አንድ ነገር ከነከነኝ። "እስቲ ልጠይቃችሁ፤ ሊመረምሯችሁ ሲመጡ ምን አቀረባችሁላቸው?" አልኩ።



"ምን ጥያቄ ነው እሱ?" አለች ያጎዳ። ቆይታ ደግሞ፣ "አይብ ያለበት ጥቅልል ጋገርኩላቸው። ሚናንም አጥቤ፣ ጎንጉኜ፣ ነጭ ሸሚዟን አለበስኳት። ታዲያ ተንጨባርራ ሰው ፊት ላቅርባት?"

"ምን ብለው ጻፉ?"

"ንጽሕናዋን ትጠብቃለች።"

ስርባ ክራንቹን ወለሉ ላይ መታ። "እኔ ምድር ቤት ወርጄ የራኪያ አረቄ አመጣሁላቸው። በአንድ እግሬ! ሁለት ሁለት መለኪያ ገለበጡ። ከዚያ ደረጃ ይወጣል ይወርዳል ብለው ጻፉብኝ፤ አፈር ያስበላቸው!"

"እኔ በሩን ራሴ ከፈትኩ፣ ካፖርታቸውን ተቀብዬ ሰቀልኩ" አለ ቪቶሚር። "ያያል ብለው ሊጽፉ ምንም አልቀራቸው።"

ሚና ቀድማ ሳቀች፤ ከዚያ ሁላችንም እንባችን እስኪመጣ ሳቅን። በሌላ አገር ሰው የሚቀጣው በጥፋቱ ነው፤ እኛ በእንግዳ ተቀባይነታችን ተቀጣን። የመጣውን ሰው ደረቁን መሸኘት ለአንዳችንም አልታየንም።

"አንቺስ ራዳ?" አለኝ ቪቶሚር።

"እኔ? ውሃ ብቻ።"

ለምን እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

ኖቬምበር 27

ሐሙስ ሐሙስ የፑሪች ቢሮ ፊት ለፊት ለተቃውሞ ልንቆም ወሰንን። የቻለ ይቆማል፣ እኔ እቀመጣለሁ። በረዶ የቀላቀለ ዝናብ ነበር። ዶብሪላ ጃንጥላ ያዘችልኝ፤ እኔ የተቃውሞ ጽሑፌን ጭኔ ላይ ያዝኩ። ሌሎቹ ከፍ አድርገው ይይዛሉ። እኔ ጭኔ ላይ ይሻለኛል፤ ነፋስ አያገኘውም።

ሁለት ሴቶች ከገበያ ሲመለሱ ቆም አሉ።

"ያቺን አየሻት? ከንፈሯን ተቀብታለች እኮ!"

"ታዲያ ሽባ ከንፈር የለውም?"

ሁለተኛዋን ተከትዬ ማን እንደሆነች፣ ባሏ ማን እንደሆነ፣ ምን ገዝታ እንደምትመለስ ልጠይቃት ፈለግኩ። ቀልጠፍ ብላ ሄደች።

የፑሪች መስኮት ሁለተኛው ፎቅ ላይ ነው። መጋረጃው ገርበብ ሲል ሰውየው ቆሞ ዳቦ ሲበላ አየሁት። ወንበር እያለው ቆሞ የሚበላ ሰው ምን ዓይነት ሰው ነው? ቤቱም እንዲሁ ነው የሚበላው? ሚስት አለው? ልቆጣው መጥቼ ስለ ምሳው ማሰቤን ለቪቶሚር ብነግረው፣ "አንቺ ሲኦል ብትገቢ ማገዶው ከየት ነው የሚመጣው ትያለሽ" አለኝ።

ዲሴምበር 3

ስልኬ ሁለቴ ከእጄ ወደቀ። ሽፋኑ ያንሸራትታል።

ዶብሪላ "ሐኪም እንጥራ?" አለች። ለስልክ ሽፋን ሐኪም ይጠራል እንዴ?

ዲሴምበር 5

ከግራዝ እንደገና ተደወለ። ዛሬ በሩን አልዘጋችም። "እስከ ዘመን መለወጫ ልወስን" አለቻት። ከዚያ መጥታ ፀጉሬን አበጠረችኝ። ቀስ ብላ ነው ያበጠረችኝ።

ያልጠየቅኋት ነገር ምላሴ ላይ ነበር። ስለ ጎረቤት ድመት አወራሁ።

ዲሴምበር 9

ዛሬም ወደ ፑሪች ቢሮ ደወልኩ። የምታነሳው ልጅ ድምፄን ለምዳዋለች።

"አክስቴ፣ በሞቴ፣ ቀጠሮ የለም ብዬዎታለሁ። ስብሰባ ላይ ናቸው።"

"ሁልጊዜ?"

"ሁልጊዜ።"

"አሥራ ዘጠነኛው ቀንስ? ዓርብ ነው።"

"ውይ፣ እሱማ ቅዱስ ኒኮላ አይደል? ዝክራቸው ነው። የዚያን ቀን ቤታቸው ናቸው።" ካለችው በኋላ ነው የደነገጠችው። "አክስቴ፣ እኔ ምንም አላልኩም።"

"ምን አልሽ?" አልኳትና ዘጋሁት።

ለቤተሰብ ዝክር ሰው አይጠራም። የሚመጣ ይመጣል፤ የመጣውን የሚመልስ ቤት እስከ ዛሬ አልሰማሁም። በከተማችን ግማሹ ሕዝብ ኒኮላን ያከብራል፣ የቀረው ግማሽ እየዞረ ይበላል ይባላል። እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ከበይዎቹ ነኝ።

ዲሴምበር 11

ለዝክሩ ፑሪች ቤት እንሂድ ስላቸው ቪቶሚር መጀመሪያ ተቆጣ። "ነውር ነው! ሰውየውን በገዛ ማዕዱ ላይ ልናዋርደው?"

"ማን ያዋርደዋል? ስለ አበል አንዲት ቃል አንተነፍስም። እንኳን አደረሰዎ ብለን፣ ንፍሮውን ቀምሰን፣ የሰጠንን በልተን እንወጣለን።"

"ታዲያ ምን ሊፈይድልን?"

"ያየናላ! ይኸው እስከ ዛሬ መጋረጃ ነው የሚያሳየን።"

"ራዳ፣ እውነቱን አውጪ። ቤቱን ለማየት ነው።"

"እሱም አለበት።"

ያጎዳ ሚናን ምን እንደምታለብሳት ማሰብ ጀምራለች። ስርባ የዝክሩ ራኪያ የቤት ይሁን የሱቅ እያለ ይጨነቃል። በመጨረሻ ቪቶሚር ሁላችንንም አስማለ፤ ማንም ነገሩን አያነሳም፤ እንግዳ ሆነን ሄደን እንግዳ ሆነን እንመለሳለን።

ለዶብሪላ ስነግራት "ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት!" ብላ ሰማያዊ ሹራቤን ልታጥብ ገባች።

ዲሴምበር 19

(ይህን ዓርብ ጀምሬ እሑድ ነው የጨረስኩት። በአንድ ቁጭታ አልሄድልኝ አለ።)

የፑሪች ቤት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለ አሮጌ ቤት ነው። ደጁ ላይ እንግዶች ቆመው ሲያጨሱ ደረስን። ደረጃውን ሳይ ልቤ ወደቀ፤ ገና ምንም ሳልል ግን በፑሪች ሰርግ ሚዜ እንደነበረ በኋላ የሰማሁት አንድ ግዙፍ ሰው ሲጋራውን ጥሎ "ያዙ!" አለ። አራት ሆነው ከነወንበሬ አነሱኝ። ማን ናችሁ ብሎ የጠየቀን የለም። ወደ ላይ ስወጣ አንደኛው ሰው የነጭ ሽንኩርት፣ ሌላው የሽቶ ጠረን ነበረው፤ ደስ አለኝ።

ሬልያ ፑሪች በሩን ከፈተ። ከመስኮቱ ሲታይ ከማስበው ያጥራል። ቪቶሚርን በነጭ በትሩ፣ ስርባን በክራንቹ፣ ያጎዳን ከነሚና፣ እኔን አየር ላይ አየ። ፊቱ ነጣ። ወጉ ግን አስገደደው።

"እንኳን ደህና መጣችሁ። ግቡ።"

"እንኳን አደረሰዎ፤ ለከርሞም በሰላም ያድርስዎ" አለ ቪቶሚር፣ በዚያ ወፍራም ድምፁ። ዶብሪላ ካፖርታችንን ሰብስባ ልትሰቅል ኋላ ቀረች።

ቤቱን በዓይኔ በላሁት። ምንጣፉ እንደኔው ሳስቷል። ፒያኖ አለ፤ ላዩ ላይ የታጠፈ ልብስ ተከምሯል። ሻማው እየበራ ነበር። እናቱ ወይዘሮ ክሩና ጥቁር ለብሰው በሻማው አጠገብ ተቀምጠዋል፤ ምርኩዛቸውን ጉልበታቸው መሃል አቁመው የሚገባውን ሁሉ ይቆጥራሉ። የቤቱ ጌታ በዝክሩ ቀን አይቀመጥም፤ ቆሞ ያሳልፋል። እኛ ተቀመጥን፣ እሱ ቆመ። ስርባ ጎኔን ጎሸም አደረገኝ፤ ለጊዜው ደስ ብሎን ነበር።

ንፍሮው በማር ተለውሶ በስኳር ተሸፍኖ፣ በትሪ ዞረ። ሁሉም አማትቦ፣ በራሱ እጅ አንድ ማንኪያ ይወስዳል፤ ማንኪያውን ውሃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ይከታል። የአንድ ሰው ቤት ገብቶ የዝክሩን ስንዴ አለመቅመስ ከስድብ ይቆጠራል። ቪቶሚር ዳብሶ ቀመሰ። ያጎዳ ለራሷም ለሚናም ቀመሰች። ስርባ ቀመሰ። ከዚያ ፑሪች ትሪውን ይዞ ፊቴ ቆመ።

እጄ ጭኔ ላይ ነበር። ተነሺ አልኳት። አልተነሳችም። ጣቶቼ ይንቀሳቀሳሉ፣ ክንዴ ግን የኔ አልነበረም። ዶብሪላን በዓይኔ ፈለግኩ፤ ገና ከኮሪደሩ አልገባችም። አንድ ሰበብ ልፈልግ ሞከርኩ፤ ብርዱ፣ መንገዱ፣ ሹራቡ ጠቦኝ። ሰው ሁሉ ዝም ብሎ ያየኛል። የማያየኝ ቪቶሚር ብቻ ነው፤ እሱም ዝምታውን ሰማውና "ራዳ?" አለ።

አፈርኩ። እንዲህ አፍሬ አላውቅም።

"አቶ ሬልያ" አልኩ፣ "እጄ አይነሳም። ያጉርሱኝ።"

ማንኪያውን አነሳ። ሲያስጠጋልኝ አጋድሎት ግማሹ ስንዴ ሹራቤ ላይ ፈሰሰ።

"ሞልተህ እንጂ ልጄ!" አሉ እናቱ ከወዲያ። "ለእንግዳ እንዲህ ይቆነጠራል?"

ሞላው፤ አጎረሰኝ። አፌን ስከፍት ዓይኖቹን ከቅርብ አየሁ፤ ያልተኛ ሰው ዓይን ነው። ንፍሮው ጥሩ ነበር፤ ስኳር በዝቶበታል።

ወይዘሮ ክሩና አልለቀቁኝም። እኔን የሚመስል ጠያቂ ገጠመኝ።

"ቤትሽስ ማን ያጎርስሻል?"

"ዶብሪላ። ያቺ በሩ ጋ የቆመችው።"

"አልፎ አልፎ ነው ወይስ ሁልጊዜ?"

አልፎ አልፎ ልል ነበር። ዶብሪላ በሩ ላይ ሆና ታየኛለች።

"ከበጋ ጀምሮ ሁልጊዜ።"

"እግዜር ይስጣት። ደህና ሰው አገኘሽ። ትቆይልሻለች አይደል?"

አንዲት ቃል ላንተነፍስ ምለናል። ጥያቄው ግን የሳቸው ነው፤ አሮጊት ሲጠይቅ ዝም አይባልም።

"እሱን ልጅዎ ያውቃሉ፣ እማማ።"

ወይዘሮ ክሩና ቀና ብለው ልጃቸውን አዩት። እሱ ትሪውን እንደያዘ ቆሟል። መቀመጥ ቢፈቀድለት የሚቀመጥ ይመስለኛል። ወደሚቀጥለው እንግዳ ሄደ።

ከዚያ የጾም ምግብ ቀረበ፤ ባቄላና ዓሣ በላን፤ ሚዜውና ቪቶሚር በኳስ ተጨቃጨቁ፤ ራኪያው የቤት ሆነና ስርባ ለመንፈቅ የሚበቃውን ጠጣ። እስኪመሽ ቆየን። ሲያወርዱኝ ፑሪች ራሱ አንዱን ጎማ ያዘ።

ቪቶሚር መሐላውን ግማሹን አፍርሰሻል አለኝ። ዶብሪላ መኪና ውስጥ ሹራቤ ላይ የቀረውን ስንዴ አንድ በአንድ ለቀመች።

ዲሴምበር 23

ምክር ቤቱ ተሰበሰበ። የእኛ ጉዳይ ከአጀንዳ ወጣ። "ለተጨማሪ ጥናት እስከ ኤፕሪል" ተባለ። እስከዚያ አበሉ አይነካም፤ ኤፕሪል ላይ ሁላችንም እንደገና እንመረመራለን።

ቪቶሚር ሐሙሶቹ ናቸው ይላል። ያጎዳ ቅዱስ ኒኮላ ነው ትላለች። እኔ ያቺ አሮጊት ያን ቀን እንግዳው ሁሉ ከሄደ በኋላ ልጇን ምን እንዳለችው ማወቅ እፈልጋለሁ። በዚያች ማታ ስልክ ማዞሪያው ላይ ብሆን ኖሮ!

አላሸነፍንም። ግን መጦሪያ አልገባሁም፤ ኮረብታው ይጠብቅ።

ዲሴምበር 26

ይህን የምትጽፈው ዶብሪላ ናት፤ ቃሉ የእኔ ነው። ፊደሏ ከኔ ያምራል፤ ስትጽፍ ምላሷን ታወጣለች። (አላወጣም ትላለች።)

ብዕሩ ደህና ነበር። የስልኩም ሽፋን አያንሸራትትም። ቀኝ ክንዴ ከበጋ ጀምሮ እየከዳኝ ነበር፤ ግራውም እየተከተለው ነው። ኤፕሪል ሲመጡ ይህን እነግራቸዋለሁ፤ ዶብሪላም ደረጃው ላይ ሳይሆን አጠገቤ ትቀመጣለች። ለእነቪቶሚርም በኖቬምበሩ ምርመራ ያቀረብኩት ውሃ ብቻ እንዳልነበረ እነግራቸዋለሁ። ይስቁብኝ።

አንድ ነገር ይቀራል። የማላውቀውን ሰው ምሳ፣ ሚስት፣ ምንጣፍ ሳጣራ ከረምኩ። ዶብሪላን ግን ግራዝ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አንድም ቀን አልጠየቅኋትም። መልሱን ፈራሁት።

ብዕሩ ቆመ። ዶብሪላ፣ ጻፊው እንጂ። ትፈልጊያለሽ ወይ?

ከዚህ በታች ያለው የኔ የዶብሪላ ነው። ጠየቀችኝ። አዎ፣ መሄድ እፈልግ ነበር። ክፍሉ መስኮት ነበረው። አንዳንድ ቀን አሁንም እፈልጋለሁ። ለእህቴ ዛሬ ጠዋት እስከ ኤፕሪል አልመጣም አልኳት። ኤፕሪል ላይ አበሉን ካቋረጡት እሄዳለሁ፤ እኔም መብላት አለብኝ፤ ሄጄም ሳለቅስ እከርማለሁ። እሷ ይህን አትጻፊ ትለኛለች። ጽፌዋለሁ።